ወረቀት የለው፣ ቀለም የለው፣ ታዲያ ምኑ ነው የተወደደው?

የምሠራው ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ፣ አንዲት ጠባብ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ነው። ታይፕ እናደርጋለን፣ ኮፒ እናደርጋለን፣ እንጠርዛለን። ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን ይዞ ይመጣል። ጉዳይ ያለበት ሰው ማመልከቻ ያስጽፋል። ከዚህ ሌላ ግን በር ላይ ያልለጠፍኩት ሥራ አለኝ። መጽሐፍ አዘጋጃለሁ። ደራሲው በደብተር የጻፈውን ለቅሜ፣ አሳርሜ፣ ገጽ በገጽ አሰናድቼ ለማተሚያ ቤት የሚሄድ ፋይል አደርገዋለሁ። ሰሞኑን ደግሞ ሥራው እጥፍ ሆኗል፤ አንዱ ለወረቀት፣ አንዱ ለስልክ።

ስለዚህ የሶፍት ኮፒ ዋጋ ክርክር እኔው ጠረጴዛ ላይ ነው የሚራገፈው። ባለፈው አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስልኩን ፊቴ ላይ ደቀነው። «እህቴ፣ እስቲ ይህን እይልኝ። የታተመው 500 ብር። ሶፍት ኮፒው 450። ወረቀት የለው፣ ቀለም የለው፣ መኪና አልጫነው። ምኑ ነው የተወደደው?» አብራው የነበረችው ጓደኛው ቀበል አድርጋ፣ «ስግብግብነት ነዋ!» አለች። ወረፋ የያዙት ሁሉ ሳቁ።

ስግብግብነት የለበትም አልልም። አለበት። ግን ነገሩ እሱ ብቻ አይደለም። መጽሐፍ ስንገዛ ወረቀት የገዛን ይመስለናል። በእጃችን የሚገባው እሱ ስለሆነ አይፈረድብንም። መጽሐፍ ሲሠራ አጠገቡ የሚውል ሰው ግን ገንዘቡ ወዴት ወዴት እንደሚሄድ ያያል።

ከቅርብ ላሳያችሁ። አሁን እጄ ላይ ያለው የአንድ ጡረታ የወጡ መምህር መጽሐፍ ነው። ስለ ልጅነታቸው ጎንደር፣ ስለ ቅዳሜ ገበያ፣ ከቀሃ ወንዝ ውኃ ስለሚቀዱበት ዘመን የጻፉት ነው። «ጋሼ» ነው የምላቸው። የመጽሐፉ ግማሽ በደብተር ነው። ግማሹን ደግሞ ከብዙ ዓመት በፊት ሌላ ጸሐፊ ፓወር ግዕዝ በሚባለው የድሮ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ለቅማው በሲዲ ተቀምጦ ነበር። ሲዲ የሚያነብ ኮምፒዩተር ማግኘት ራሱ አንድ ሥራ ሆነ። ፋይሉ ሲከፈት ደግሞ አንድም የአማርኛ ፊደል የለበትም። የፈረንጅ ፊደል ከምልክት ጋር ተደበላልቆ ገጹን ሞልቶታል። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው አዩት፣ አድርገው አዩት፤ ከዚያ «ይህንማ እኔ አልጻፍኩትም» አሉ።

የሆነው እንዲህ ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒዩተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደላት መዝገብ ውስጥ፣ የራሱን ቦታ ያገኘው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ ሶፍትዌሮች የላቲኑን ፊደል ቦታ ተበድረው ነበር የሚሠሩት። ብዙዎቻችን ከዚያም በኋላ ለዓመታት በእነሱው ቀጠልን። ፎንቱ ካለ አማርኛ ነው። ፎንቱ ከሌለ ዝባዝንኬ ነው። የሚቀይር ፕሮግራም አለ፤ እሱም ቢሆን አይታመንም። እኔ የሞከርኩት በተለይ ዲቃላዎቹን ፊደሎች፣ «ቋ»ን፣ «ኳ»ን፣ «ጓ»ን እየዋጠ አስቸገረኝ። የጋሼ ጓሮ ጠፍቶ ጋሮ ሆኖ አገኘሁት። ስለዚህ እንደገና ቁጭ ብሎ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ ማስተያየት ነው።

ቀጥሎ እርማት ይመጣል። አንድ ጊዜ እኔ አየዋለሁ፣ ከዚያ አርታኢ ያየዋል፣ ከዚያ ጋሼ ራሳቸው በቀይ እስክሪብቶ ይወርዱበታል። አርታኢው የቆረጠውን አንቀጽ ጋሼ ይመልሱታል። አርታኢው ደግሞ ይደውልልኛል። ሽፋን የሚሠራው ልጅ ሌላ ነው። የድሮ ፎቶዎቹን ስካን አድርጎ ከጭረት የሚያጸዳው ሌላ ነው። እስከዚህ ድረስ አንድ እስር ወረቀት አልገዛንም፤ ለእርማት ያወጣነውን ፕሪንት ካልቆጠራችሁት። ገንዘብ ግን ወጥቷል። የሰው ዕድሜም ወጥቷል።

«ይህ እኮ ለታተመውም የወጣ ነው» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። የስልኩ ሥራ ግን ከዚህ በላይ ይጠይቃል። ለማተሚያ ቤት ያዘጋጀሁት ፒዲኤፍ በስልክ ሲከፈት ፊደሉ የጉንዳን ያህል ነው። አንባቢው በጣቱ እያሰፋ፣ ወዲያ ወዲህ እየገፋ ሁለት ገጽ ያነባል፤ ከዚያ ይተወዋል። ስለዚህ ጽሑፉ እንደ ስክሪኑ ስፋት የሚተጣጠፍበት ኢፐብ የሚባለው ዓይነት ፋይል መሥራት ያስፈልጋል። እዚያ ላይ ገጽ ቁጥር ትርጉም የለውም፤ ማውጫው በሙሉ ሲነካ ወደ ምዕራፉ የሚወስድ መሆን አለበት። አማርኛችን ደግሞ የራሱ አመል አለው። ታይፕ ያደረገው ሰው አራት ነጥቡን ከቃሉ አራርቆ ጽፎት ከሆነ፣ አራት ነጥቡ ብቻውን ወርዶ የሚቀጥለው መስመር ራስ ላይ ቁጭ ይላል። ጋሼ መጽሐፋቸው መሃል የሠርግ ግጥም አስገብተዋል። በወረቀቱ ላይ ስንኞቹ ተሰልፈው ቆመዋል። በስልክ ላይ የአንዱ ስንኝ ጅራት ተቆርጦ ይወርድና ሌላ ስንኝ መስሎ ይቆማል። ይህን በእጅ ነው የማስተካክለው። በአንዱ ስልክ ሲስተካከል በሌላው ይበላሻል።

ጎንደር ሆኖ ይህን ማስረዳት ቀላል ነው፤ ከተማው ሌላ ዓይነት የመጽሐፍ ሂሳብ ያውቃልና። በብራናው ዘመን ቆዳው ተወጥሮ ይፋቃል፣ ቀለሙ ከጥላሸት ይቀመማል፣ ብርዑ ከመቃ ይቀረፃል። ቁም ጸሐፊው አንድ ዳዊት ለመጨረስ ወራት ይቀመጣል። ሁለተኛው ዳዊት የመጀመሪያውን ያህል ቆዳ፣ የመጀመሪያውን ያህል ወር ይፈልጋል። መቶኛውም እንዲሁ። ያኔ የመጽሐፍ ዋጋ በእርግጥ የቆዳና የእጅ ዋጋ ነበር። ማተሚያ ሲመጣ፣ በተለይም ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ፣ ሂሳቡ ተገለበጠ። ለቀማው፣ እርማቱ፣ ፕሌቱ (ገጹ የሚቀረጽበት የማተሚያ ሰሌዳ) ሁሉ በመጀመሪያው ኮፒ ላይ ያልቃል። አምስት መቶ ብታትሙም አምስት ሺህ ብታትሙም ያው ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ወረቀት፣ ቀለምና ጥረዛ ብቻ ነው። ፋይል ሲመጣ ደግሞ ያም ቀረ። ሁለተኛው ኮፒ ምንም አይፈጅም።

ስለዚህ ተማሪው ስለ ሁለተኛው ኮፒ ያለው እውነት ነው። የመጀመሪያው ኮፒ ግን ዛሬም እንደ ድሮው ነው፤ ሰው ቁጭ ብሎ ነው የሚሠራው። ጥያቄው ያንን ወጪ ማን ይካፈለው ነው። ሁሉም በወረቀት ገዢው ላይ ከተጫነና የስልኩ አንባቢ በነፃ ካለፈ፣ አንባቢው ወደ ስልክ በሄደ ቁጥር የሚከፍል ሰው ይጠፋል።

አሜሪካኖች ይህን በሳንቲም አስልተውታል። ኒው ዮርክ ታይምስ በ2010 እ.ኤ.አ. ባወጣው ስሌት፣ በ26 ዶላር ከሚሸጥ ባለጠንካራ ሽፋን መጽሐፍ አሳታሚው እጅ የሚገባው 13 ዶላር ነው። ሌላው ግማሽ የመደብሩ ነው። ከ13ቱ ለማተሚያ፣ ለመጋዘንና ለማጓጓዣ የሚወጣው 3.25 ዶላር ገደማ ነው። ደራሲው 3.90 ያገኛል። ለሽፋን፣ ለገጽ ቅንብርና ለእርማት 80 ሳንቲም፣ ለማስታወቂያ አንድ ዶላር ያህል ይሄዳል። ከቀረው ላይ የቢሮ ኪራይና የሠራተኛ ደመወዝ ይወጣል። እንግዲህ አስቡት። ወረቀቱን፣ መጋዘኑን፣ መኪናውን ጠራርጋችሁ ብታስወጡ ከ26 ዶላሩ ላይ የምትቀንሱት 3.25 ብቻ ነው። እኔ ራሴ ይህን ሳነብ ቢያንስ ግማሽ ይሆናል ብዬ ነበር የጠበቅኩት።

እሺ፣ መቀራረቡ ገባን። አንዳንዴ ግን ሶፍት ኮፒው ጭራሽ ከወረቀቱ ይበልጣል። ያ ደግሞ ከወጪ ጋር ግንኙነት የለውም። ከጠብ የመጣ ነው።

በኢንተርኔት የሚሸጠው ትልቁ መደብር አማዞን፣ ኪንድል የተባለውን የመጽሐፍ ማንበቢያ መሣሪያ ያወጣው በ2007 እ.ኤ.አ. መገባደጃ ላይ ነው። አዳዲስና ተፈላጊ መጻሕፍትን በ9.99 ዶላር እሸጣለሁ አለ። ከእነዚህ ለብዙዎቹ ለአሳታሚው የሚከፍለው ግን ከዚያ ይበልጥ ነበር። አውቆ ነው የሚከስረው፤ ሰው መሣሪያውን ገዝቶ እንዲለምድ። አሳታሚዎቹ በዚያ ሽያጭ አንድ ሳንቲም አልጎደለባቸውም፤ ግን እንቅልፍ አጡ። አንባቢው «መጽሐፍ ማለት አሥር ዶላር ነው» ብሎ ከለመደ በኋላ ማን ይመልሰዋል? በ2010 አፕል አይፓድን ይዞ ሲመጣ መውጫ አገኙ። በአዲሱ ውል ዋጋውን የሚተምነው አሳታሚው ሆነ። መደብሩ 30 በመቶውን ይወስዳል፤ በራሱ ፈቃድ ዋጋ መስበር አይችልም። ብዙዎቹ አዳዲስ መጻሕፍት ወደ 12.99 እና 14.99 ዶላር ወጡ። አማዞን በነገሩ ተቆጥቶ ማክሚላን ከተባለው አሳታሚ መጻሕፍት ላይ የመግዣውን ቁልፍ ለቀናት አንስቶት ነበር።

ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር በ2012 አፕልንና አምስት ትልልቅ አሳታሚዎችን «ዋጋ ለማስወደድ ተመሳጥራችኋል» ብሎ ከሰሰ። አሳታሚዎቹ በስምምነት ጨረሱ። አፕል ተከራክሮ በ2013 ተረታ፤ ይግባኙም አላዋጣውም፣ 450 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። የሚገርመው ግን ከዚህ ሁሉ ግርግር በኋላ ትልልቆቹ አሳታሚዎች ከአማዞን ጋር አንድ በአንድ እየተዋዋሉ ዋጋ የመተመን መብታቸውን መልሰው ያዙት።

ዛሬ የምናየው ከዚያ የተረፈ ነው። የታተመውን መጽሐፍ መደብሩ በጅምላ ይገዛዋል። ከገዛው በኋላ ዕቃው የራሱ ነው፤ አልሸጥ ሲለው በፈለገው ዋጋ ይጥለዋል። ሶፍት ኮፒው ላይ ግን እጁ ታስሯል፤ አሳታሚው ባለው ነው የሚሸጠው። ሁለቱን ዋጋ ጎን ለጎን የሚያይ ሰው ወረቀት አልባው በልጦ ሲያገኘው ቢናደድ እውነት አለው። የተናደደው ግን በሁለት የተለያዩ ውሎች ላይ መሆኑን ማንም አልነገረውም።

ዋጋ በወጪ ብቻ እንደማይወሰን ሌላ ማስረጃ ልጨምር። በአማዞን ራሱን የሚያሳትም ደራሲ መጽሐፉን ከ2.99 እስከ 9.99 ዶላር ከሸጠ 70 በመቶውን መውሰድ ይችላል። ከዚያ ክልል ከወጣ ድርሻው 35 በመቶ ነው። አስሉት፤ በ14.99 ቢሸጥ ኪሱ የሚገባው 5.25 ገደማ ነው። በ9.99 ቢሸጥ ወደ 7 ዶላር ይጠጋል። ማን ያስወድደዋል? ግብርም የራሱ ጣጣ ነበረው። አውሮፓ ውስጥ የታተመ መጽሐፍ አነስተኛ ግብር ሲከፈልበት ሶፍት ኮፒው «የኤሌክትሮኒክ አገልግሎት ነው» ተብሎ ሙሉ ግብር ይጣልበት ነበር። እንግሊዝ እስከ 2020 እ.ኤ.አ. ግንቦት ድረስ ለወረቀቱ ዜሮ፣ ለሶፍት ኮፒው 20 በመቶ ነበር የምታስከፍለው።

ወደ አገራችን እንመለስ። እዚህ ላይ ከአሜሪካኖቹ ሂሳብ ጋር አልስማማም። እኛ ዘንድ ወረቀቱ ትንሽ ነገር አይደለም። አብዛኛው ደራሲ ራሱ ነው አሳታሚው። ተበድሮ፣ ዕቁብ አውጥቶ፣ አንዳንዱም በሬ ሸጦ ለማተሚያ ቤት ቀድሞ ይከፍላል። የሚያሳትመው ሺህ ወይም ሁለት ሺህ ኮፒ ስለሆነ ወጪው የሚካፈልበት ብዛት የለውም። ወረቀቱም ቀለሙም ፕሌቱም በዶላር ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብሩ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላሩ ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ መቶን ተሻገረ። ማተሚያ ቤት የሰጠው ዋጋ ለስንት ቀን እንደሚጸና አብሮ መጻፍ ጀመረ። ከዚያ ደግሞ የጎንደር ደራሲ መጽሐፉ የሚታተመው ብዙ ጊዜ አዲስ አበባ ነው። ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጭኖ ይመጣል፤ መንገዱ ሲከፈት። አከፋፋዩ ጠቀም ያለ ድርሻ ይወስዳል፤ ገንዘቡንም የሚሰጠው ሲሸጥለት ነው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ በሶፍት ኮፒው ላይ የለም። ስለዚህ የአማርኛ ሶፍት ኮፒ ከታተመው በደንብ መርከስ አለበት ባይ ነኝ። በ500 ብር መጽሐፍ ላይ የ50 ብር ቅናሽ ለእኔ ቅናሽ አይደለም። ታዲያ ለምን አይረክስም? ጋሼን ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ የታተመውን 600 ብር ብለናል። ሶፍት ኮፒውን ስንት እንበለው?»

«እኩል ይሁን።»

«ምነው ጋሼ፣ አንቱ ማተሚያ ቤት አይከፍሉበት፣ አከፋፋይ የለበት!»

«ስሚ ልጄ፣ ወረቀቱን አንድ ሰው ሲገዛኝ አንድ ሸጥኩ። ይኼኛውን አንድ ሰው ሲገዛኝ ለአገር ሸጥኩ። ቴሌግራም ላይ ይለቀዋል። ከዚያ ማን ይገዛኛል?»

ዝም አልኩ። እውነታቸውን ነው። ተማሪው ካየው 450 ብር ውስጥ ጥቂት የማይባለው የዚህ ፍርሃት ዋጋ ነው። ደራሲው የሚሸጥለትን ሲገምት «አርባ ሰው ቢገዛኝ ነው፤ ከዚያ ይሰረቃል» ይላል። ወጪውን ለአርባ ያካፍለዋል። ዋጋው ይወጣል። ዋጋው ሲወጣ ደግሞ ሊገዛ ያሰበው ሰው «እንዲህ ከሆነማ» ብሎ ቴሌግራም ይገባል። ሕጉ አለ፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቅለታል። የቴሌግራም ቻናሉን ባለቤት ማን እንደሆነ ፈልጎ ለማግኘት ግን ጋሼ አቅሙም ጉልበቱም የላቸውም።

(በነገራችን ላይ፣ በነፃ ያወረደውን ፒዲኤፍ ይዞ «300 ገጽ ፕሪንት አድርጊልኝ» የሚል አይጠፋም። እኔ ቤት ሙሉ መጽሐፍ አናትምም፤ ይህን ስል የሚስቁብኝ አሉ። ሂሳቡን ስነግረው ግን እሱ ነው የሚደነግጠው። በአንድ በአንድ ፕሪንት ሲሰላ ከመጽሐፉ ዋጋ ይበልጣል።)

የውጭ አገሩ ሶፍት ኮፒማ ለእኛ ሌላ ታሪክ ነው። 14.99 ዶላር የሚባለው መጽሐፍ በ57 ብር ሂሳብ 850 ብር ገደማ ነበር። ዶላሩ መቶ በገባ ቀን 1,500 ሆነ። መጽሐፉ ላይ የተጨመረ ነገር የለም። ለመክፈል የሚያስፈልገው ካርድ ደግሞ ከስንት ሰው አንዱ ነው ያለው። ጓደኞቼ ውጭ ያለ ዘመድ እየለመኑ ነው የሚያስገዙት። እንደ መድኃኒት።

እኔን ግን ከዋጋው ይልቅ የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። እኩል ከፍዬ የማገኘው እኩል አይደለም። የታተመውን አነበዋለሁ፣ አውሰዋለሁ፣ ሲቸግረኝ እሸጠዋለሁ። ፒያሳ መንገድ ዳር አሮጌ መጽሐፍ ዘርግተው የሚሸጡት ሰዎች የሚኖሩት በዚህ መብት ነው። በትልልቆቹ የውጭ መደብሮች የተገዛ ሶፍት ኮፒ ግን የተገዛ አይባልም፤ የማንበብ ፈቃድ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. አማዞን ከሰዎች ኪንድል ላይ የጆርጅ ኦርዌልን መጻሕፍት አንድ ቀን ድንገት ሰረዛቸው። ያቀረበው አካል መብት ስላልነበረው ነው፤ ገንዘቡም ተመልሷል። ቢሆንም የከፈልክበትን መጽሐፍ ከቤትህ ገብቶ የሚወስድ ባለሱቅ በወረቀቱ ዘመን አልነበረም። በ2019 ማይክሮሶፍት የመጻሕፍት መደብሩን ሲዘጋ ሰዎች የገዟቸው መጻሕፍት አብረው ጠፉ። እሱም ገንዘብ መለሰ። በካሊፎርኒያ ከ2025 መጀመሪያ አንስቶ እንዲህ ያለ ሻጭ የሚሸጠው ፈቃድ መሆኑን በግልጽ እንዲናገር በሕግ ተገድዷል።

እኛ ደግሞ ይህን በራሳችን መንገድ ቀምሰነዋል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት አንድ ዓመት ገደማ ተቋርጦ ነበር። በዚያ ጊዜ ፋይሉ እጁ ላይ የነበረ ሰው አነበበ፤ በፍላሽ፣ በብሉቱዝ ተቀባበለ። አንዲት ደንበኛዬ ግን ገንዘቧን ከፍላ በአንድ አፕ የገዛቻቸው መጻሕፍት ነበሯት። ስልኳ ተበላሸና ሌላ ገዛች። አፑ «እንደገና ግቢ» አላት። ለመግባት ኢንተርኔት ያስፈልጋል። መጻሕፍቷ ተቆልፈው ከረሙ። ሰርቆ ያወረደው ጎረቤቷ ሲያነብ፣ የከፈለችው እሷ በር ላይ ቀረች።

ፋይል ዘላለማዊ ነው የሚል ካለ ደግሞ የራሳችንን ብራናዎች ያስታውስ። አፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ሰብስበው መቅደላ ካኖሯቸው መጻሕፍት መካከል 350 ያህሉ በ1868 እ.ኤ.አ. እንግሊዞች ከወሰዷቸው በኋላ ዛሬ ብሪቲሽ ላይብረሪ ናቸው። ላይብረሪው ብዙዎቹን ፎቶ አንስቶ በኢንተርኔት በነፃ ማሳየት ጀምሮ ነበር። ቢያንስ ምስላቸውን ጎንደር ቁጭ ብለን እናይ ነበር። በጥቅምት 2023 እ.ኤ.አ. ላይብረሪው የሳይበር ጥቃት ደረሰበትና ምስሎቹ ለረጅም ጊዜ ተዘጉ። ቆዳው ግን መደርደሪያው ላይ እንዳለ ነበር። ሰርቨር ጠባቂ ይፈልጋል፣ መብራት ይፈልጋል፣ ደመወዝ ይፈልጋል። ነፃ የሚመስለው ሌላ ሰው ስለሚከፍል ነው።

ስለዚህ ለሶፍት ኮፒ ክፈሉ ስባል የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ፋይሉ የእኔ ይሆናል ወይ? ከገንዘቡ ደራሲው ስንት ያገኛል? ሁለቱም ጥሩ መልስ ካላቸው ከወረቀቱ ጋር ቢቀራረብም አልከራከርም። ከሌላቸው ግማሹም ውድ ነው።

ለጋሼም ይህንኑ ነገርኳቸው። ቁልፍ አናበጅበት፣ የገዛ ሰው ፋይሉን እንዳለ ይውሰድ አልኳቸው። በምትኩ የገዢው ስም በየምዕራፉ መጨረሻ በትንንሽ ፊደል ይገባል። ቴሌግራም ላይ የሚለቅ ሰው ስሙንም አብሮ ይለቃል። ሐሳቡን ወደዱት። ክፍያው በቴሌብር በቀጥታ ለእርሳቸው እንዲገባ አደረግን። ዋጋውን ብዙ ተነጋግረንበት ለሁለት ከፈልነው፤ አገር ውስጥ ላለ 300 ብር፣ ውጭ ላለ ከታተመው ጋር እኩል 600። ውጭ ላለው ሰው ከመላኪያው መገላገሉ ራሱ ትርፍ ነው ብለን ነው።

ይህን የሰማው ዋሽንግተን የሚኖረው የወንድማቸው ልጅ ወዲያው ደወለ። ጋሼ ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ስልኩን ስፒከር ላይ አደረጉት።

«ጋሼ፣ እዚያ ያሉት 300፣ እኔ 600? ምን በደልኩ?»

«አንተ ልጅ፣ ባለፈው አንዲት መጽሐፍ ልልክልህ ተጓዥ ስለምን አልነበር የከረምኩት? በፖስታ ቢሆን ስንት ሊያስከፍሉህ ነበር?»

«እሱስ ልክ ነው።»

«600 ብር እዚያ ስንት ነው?»

«አምስት ዶላር አይሞላም።»

«እንግዲያው ሁለት ግዛ። አንዱን ለወንድምህ።»

«ኧረ ለእሱማ የእኔኑ ፎርዋርድ አደርግለታለሁ!»

ጋሼ ስልኩን በእጃቸው ከደኑና ወደ እኔ ዞሩ። «የዚህን ልጅ ስም በየገጹ ጻፊልኝ» አሉ። «በትልልቅ ፊደል።»